ከካርድ መሳቢያ እስከ ኮሃ፦ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ታሪክና የስማችን ጉዳይ



ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳትመዋል። በዘመናዊው የኅትመት ታሪካችን «ምን ምን መጽሐፍ አለን?» ለሚለው ጥያቄ በታተመ ጽሑፍ መልስ ለመስጠት ከተነሡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ናቸው። አሁን የማነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ከእናንተ አንዱ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ፣ ለአንባቢ በተዘጋጀው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የእኚህን ሰው ስም ቢጽፍ መጽሐፋቸውን ያገኛል ወይ?

መልሱ ስማቸውን እንዴት እንደጻፈው ይወሰናል። «ኅሩይ» በኅ፣ በሕ ወይም በህ ሊጻፍ ይችላል። «ሥላሴ» በሥ ወይም በስ ይጀምራል፤ መጨረሻው ሴ ወይም ሤ ይሆናል። እስካሁን 12 ዓይነት አጻጻፍ ሆነ። «ወልደ ሥላሴ» ተለያይቶም ተገጣጥሞም ይጻፋልና 24 ደረስን። ከፊቱ ምንም ማዕረግ አለመኖሩን፣ «ብላታ» መባሉንና «ብላቴን ጌታ» መባሉን ስንጨምር 72 ይሆናል። ማንም ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሰባ ሁለቱንም አይቶ አንድ ሰው መሆናቸውን ለማወቅ አይቸገርም። ለኮምፒውተሩ ግን፣ ሌላ ነገር ካልተነገረው በቀር፣ ሰባ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ይህ ችግር ከየት መጣ? ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች ክፉ አስበውብን አይደለም። የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር የራሱ የዘር ሐረግ አለው፤ እያንዳንዱ ትውልድ ከበፊተኛው የወረሰው ልማድ አለ። የዛሬው ንግግሬ ያንን ሐረግ ወደ ኋላ መከተል ነው። ዓመተ ምሕረት ስጠራ እ.ኤ.አ. ካላልሁ በቀር በእኛ አቆጣጠር እንደሆነ ከወዲሁ ይታወቅልኝ፤ የዚህ ማሳሰቢያ አስፈላጊነት ራሱ በኋላ የምመለስበት ጉዳይ ነው።

መጻሕፍትን መዝግቦ መያዝ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ውስጥ፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተጻፈ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ይገኛል። ነገር ግን የእንዲህ ዓይነቱ ዝርዝር ዓላማ ንብረትን መጠበቅ ነበር። መጽሐፍ የሰረቀና የፋቀ እንዲወገዝ የሚያዝዘው በብራና መጻሕፍቶቻችን ላይ የምናነበው ቃለ ውግዘትም የዚሁ አካል ነው። የንብረት መዝገብ «ምን አለን?» ብሎ ይጠይቃል፤ የአንባቢ ማውጫ ደግሞ «የምፈልገው የት አለ?» ብሎ። ሁለቱ ጥያቄዎች ይለያያሉ። በመካከላችን ዛሬም ውድ ሶፍትዌር ተክለው ለኦዲት በሚቀርብ የንብረት መዝገብነት ብቻ የሚጠቀሙበት ቤተ መጻሕፍት እንዳሉ ስለማውቅ ልዩነቱን እዚህ ላይ አስምሬበት ልለፍ።

የአንባቢው ማውጫ በዘመናዊ መልኩ የተወለደው ከካርድ ነው። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን የተወረሱትን መጻሕፍት ለመመዝገብ በ1791 እ.ኤ.አ. የወጣው መመሪያ የመጫወቻ ካርታ ጀርባ እንዲሠራበት አዝዟል። በዘመኑ የካርታው ጀርባ ነጭ ነበርና ለመጻፍ ይመች ነበር። የእኛው «ካርታ»ና የቤተ መጻሕፍቱ «ካርድ» ዝምድናቸው የቃል ብቻ አለመሆኑ ያስገርማል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ ሜልቪል ዱዊና ባልደረቦቹ 7.5 በ12.5 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ካርድ መለኪያ አደረጉት። በ1901 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የታተሙ ካርዶቹን ለሌሎች ቤተ መጻሕፍት መሸጥ ጀመረ። አንድ ባለሙያ በዋሽንግተን የጻፈው ካርድ በሺህ መሳቢያዎች ውስጥ ገባ ማለት ነው። የጋራ ካታሎግ ሐሳብ ኮምፒውተርን በአሥርተ ዓመታት እንደሚቀድመው ልብ በሉ።

ካርድ ግን ጠባዩ ጠባብ ነው። በመሳቢያ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ይቀመጣል፤ ስለዚህም ከላይ የሚጻፈው የመጀመሪያ ቃል ዕጣ ፈንታውን ይወስናል። «ዋና መግቢያ» የተባለው ጽንሰ ሐሳብ የተፈጠረው ከዚህ ነው። በምዕራቡ ዓለም ያ የመጀመሪያ ቃል የቤተሰብ ስም ሆነ፤ ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ፣ ከዚያም የግል ስም። የቤተሰብ ስም ለሌለን፣ በአባታችን ስም ለምንጠራ እንጂ በአባታችን ስም ለማንመዘገብ ሕዝቦች ያች ነጠላ ሰረዝ ትንሽ ነገር አልነበረችም።

ሄንሪየት አቭራም ወደ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1965 እ.ኤ.አ. ስትገባ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አልነበረችም። የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪ ነበረች፤ የቀድሞ ሥራዋም በአሜሪካ ብሔራዊ የደኅንነት ኤጀንሲ ነበር። የተሰጣት ሥራ በካርድ ላይ ያለውን ነገር ማሽን እንዲያነበው ማድረግ ነበር። ይህ ሲባል ቀላል ይመስላል። ሰው ካርድን በዓይኑ ያነባል፤ ከላይ ያለው ደራሲው፣ ገባ ብሎ የተጻፈው ርእሱ፣ ከታች ያለው ቁጥር የገጹ ብዛት መሆኑን ከአቀማመጡ ያውቃል። ማሽን ይህን አያውቅም። እያንዳንዱ ክፍል ስም ሊሰጠው፣ መጀመሪያና መጨረሻው ሊታወቅ ይገባል። አቭራምና ባልደረቦቿ ካርዱን ክፍል በክፍል ፈትተው ለእያንዳንዱ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ሰጡት፦ 100 የደራሲ ስም፣ 245 ርእስ፣ እያለ ይቀጥላል። ማርክ የተባለው ይህ ነው።

ከ1966 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. በ16 ቤተ መጻሕፍት ተሞክሮ፣ በ1969 በማግኔት ቴፕ እየተቀዳ ይሰራጭ ጀመር። የመዝገቡ አወቃቀር በ1973 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት መለኪያ ሆነ። በመዝገቡ ራስ ላይ 24 ፊደላት ያሉት መሪ አለ፤ ቀጥሎ እያንዳንዱ መስክ የት እንደሚጀምርና ምን ያህል እንደሚረዝም የሚናገር ማውጫ ይመጣል፤ ከዚያ መረጃው። ይህ ሁሉ የታሰበው ቴፕ ከዳር እስከ ዳር እየተጠቀለለ ለሚነበብበት ዘመን ነው። ቴፑ ወደ ቤተ መዘክር ከገባ ቆየ፤ አወቃቀሩ ግን ዛሬም በሥራ ላይ ነው። በኮምፒውተር ዓለም ይህን ያህል ዕድሜ ያገኘ ነገር ጥቂት ነው፤ ለእኔ የአቭራም ሥራ ታላቅነት እዚህ ላይ ነው።

ሆኖም ማርክ የካርዱ ልጅ ነው። የካርዱን ጥበብ እንደወረሰ ጉድለቱንም ወርሷል። ለስም መስክ የተሰጠው የመጀመሪያ አመልካች ላይ 1 ከተጻፈ ስሙ በቤተሰብ ስም ይጀምራል ማለት ነው፤ 0 ከተጻፈ በግል ስም። መልካም ነው፤ ቦታ ተትቶልናል። ፊደልን በተመለከተ ግን ቦታ አልተተወልንም። ማርክ ለረጅም ዘመን የተጠቀመበት የፊደላት ሥርዐት ከላቲን ሌላ ዐረብኛን፣ ዕብራይስጥን፣ ግሪክን፣ ሲሪሊክን፣ የቻይናን፣ የጃፓንንና የኮሪያን ጽሕፈት ሲያስተናግድ የእኛን ፊደል አላካተተም። ስለዚህ የዓለሙ ትልቁ ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ መጻሕፍትን ለአሥርተ ዓመታት የመዘገበው በላቲን ፊደል ብቻ ነበር፤ «ሐ»ን ከሥሯ ነጥብ ባላት «ኤች» እየተካ። ይህን ሥርዐት የሚያውቀው በምዕራብ የሠለጠነ የሴም ቋንቋዎች ተመራማሪ ነው። መጽሐፉ የተጻፈለት አንባቢ አያውቀውም።

ቀጥሎ የሆነውን ባጭሩ ልለፈው። በ1967 እ.ኤ.አ. የኦሃዮ ኮሌጆች በፍሬድሪክ ኪልጎር መሪነት የጋራ የኮምፒውተር ማዕከል አቋቋሙ። በነሐሴ 1971 እ.ኤ.አ. በአቴንስ ከተማ፣ ኦሃዮ፣ የሚገኘው የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ አልደን ቤተ መጻሕፍት በመስመር ላይ ካታሎግ መሥራት ጀመረ። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ እ.ኤ.አ. ማዋስን፣ መመለስን፣ መግዛትን፣ መጽሔት መከታተልን በየፊናቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች እየተዋሐዱ መጡ። አንድ የመጽሐፍ መዝገብ ሁሉንም እንዲያገለግል ተደረገ፤ ገዢው ያዘዘው፣ ካታሎግ ሠሪው ያረመው፣ አዋሹ በባርኮድ የሚያነበው ያው አንድ መዝገብ ሆነ። «የተቀናጀ ሥርዐት» መባሉም ስለዚህ ነው። ይህ ሁሉ በውድ ዋጋ የሚሸጥ ነበርና በእኛ በኩል በሩቁ የሚሰማ ወሬ ነበር።

ወደ እኛ የደረሰው በሌላ መንገድ ነው። ዩኔስኮ በ1985 እ.ኤ.አ. ለትንንሽ ኮምፒውተሮች የሚሆን አይሲስ የተባለ ሶፍትዌር ማሰራጨት ጀመረ። መሠረቱ በጄኔቫ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሥራ ነው። ዩኔስኮ ለታዳጊ ሀገሮች በነጻ ይሰጠው ስለነበር በአፍሪካና በላቲን አሜሪካ እንደ ሰደድ እሳት ተስፋፋ። በእኔ ትውልድ የሠለጠነ የሀገራችን የመረጃ ባለሙያ ያላየው የለም ማለት ይቻላል። ጥንካሬው ትንሽነቱ ነበር፤ ጥቂት ፍሎፒ ዲስኮችና አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ይበቁታል። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ቢቆምም፣ ሲመለስ ሥራው ከቆመበት ይቀጥላል።

ስለ አይሲስ በደንብ ማሰብ ይገባናል፤ የታሪካችን ትልቁ ትምህርት እዚያ ያለ ይመስለኛልና። አይሲስ ለተጠቃሚው ሙሉ ነጻነት ሰጠው። የመረጃ ቋቱን መስኮች የሚወስነው ቤተ መጻሕፍቱ ራሱ ነው። ለምሳሌ አንዱ የደራሲን ስም በ100 ቁጥር ያስገባዋል፣ ሁለተኛው በ300፣ ሦስተኛው በ10። በየግቢው ያለ ባለሙያ በገዛ እጁ ያቀናው ሥርዐት ነበረው፤ የቋቱን አወቃቀር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። እሱ ሲዛወር ወይም ጡረታ ሲወጣ ዕውቀቱም አብሮት ሄደ። በነጻ የተገኘው ነገር ወጪ እንደሌለው ተቆጠረ፤ ስለዚህ ሰነድ አልተጻፈለትም፣ በጀትም አልተያዘለትም። ሁለት ቤተ መጻሕፍት ቋታቸውን ሊያዋሕዱ በፈለጉ ጊዜ መጀመሪያ መተርጐም ነበረባቸው። ባቢሎን ማለት ይህ ነው።

የፊደሉ ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። በዚያን ዘመን አንድ ፎንት የሚይዘው 256 ቦታ ብቻ ነው። ፊደላችን፣ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሲደመሩ ከዚያ ይበልጣሉ። የፎንት ሠሪዎቹ በብልሃት መፍትሔ ፈለጉ፤ አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለ፣ ሌላው ቅጥያውን ለብቻ አስቀምጦ ከፊደሉ ጋር አገጣጠመ። እያንዳንዱ ግን በየራሱ መንገድ ነበር። በኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ አማርኛ የሚሆነው ያ የተወሰነ ፎንት ሲለብስ ብቻ ነው።

ከዓመታት በፊት ስሙን ወደማልጠራው አንድ ተቋም ቤተ መጻሕፍት ለምክር ተጠርቼ ሄድሁ። መረጃቸውን ከአሮጌው ሥርዐት ወደ አዲስ አዛውረው ነበር። የእንግሊዝኛ መጻሕፍታቸው መዝገብ ደኅና ተሻግሯል። የአማርኛዎቹ ርእሶች ግን የቃል አጋኖ፣ የዶላር ምልክትና የላቲን ፊደል ድብልቅ ሆነው ቀርተዋል። በየትኛው ፎንት እንደተጻፉ የሚያስታውስ አልተገኘም። «ካርዶቹስ?» ብዬ ስጠይቅ ኮምፒውተር ከመጣ ወዲህ ቦታ ያጣበባሉ ተብለው እንደተወገዱ ተነገረኝ። ሠራተኞቹ መደርደሪያ ለመደርደሪያ እየዞሩ እያንዳንዱን የአማርኛ መጽሐፍ ገልጠው እንደገና መጻፍ ጀመሩ። በእጃቸው ያለውን መጽሐፍ እንዲህ መመዝገብ ይቻላል። በዚያን ጊዜ በውሰት ወጥቶ የነበረው፣ የጠፋው ወይም የተሰረቀው ግን በመደርደሪያው ላይ ስለሌለ መኖሩን የሚመሰክርለት ምንም አልቀረም። የሐይቅ መነኮሳት በብራና ላይ የጻፉት ዝርዝር 700 ዓመት ዘልቆ ደርሶናል፤ ይኸኛው ሃያ ዓመት አልቆየም።

ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው በሦስተኛው እትሙ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በማንኛውም ማሽን ላይ ያው «ሀ» ነው። የዚህን ሥራ ዋጋ ከሁሉ በላይ የሚያውቁት የአማርኛ ርእሶቻቸው የተበላሹባቸው ካታሎግ ሠሪዎች ናቸው።

በዚያው ዓመት በኒውዚላንድ ሌላ ታሪክ እየተሠራ ነበር። በሌቪን ከተማ ማዕከሉ የሆነው የሆሮዌኑዋ ቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር የ2000 እ.ኤ.አ.ን መግቢያ የማይሻገር፣ ዓመትን በሁለት አኃዝ የሚቆጥር አሮጌ ሥርዐት ነበር። አዲስ ለመግዛት ዋጋ ሲጠይቁ ከአቅማቸው በላይ ሆነ፤ በተለይም በገጠር ያሉት ቅርንጫፎች ልዩ የመገናኛ መስመር ያስፈልጋቸው ነበር። ካቲፖ የተባለ ትንሽ ድርጅት ሌላ ሐሳብ አቀረበ፦ ሥርዐቱ በድረ ገጽ አሳሽ ይሠራ፣ ቅርንጫፎቹም በተራ የስልክ መስመር በሞደም ይጠቀሙበት። በጥር 2000 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ያደረጉት ነገር ነው ታሪኩን የለወጠው። ኮዱን ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያካፍለው በሚፈቅድ ነጻ ፈቃድ ለቀቁት። ስሙንም ኮሃ አሉት። ኮሃ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው፤ በተለይም እንግዳ ለአስተናጋጁ ይዞት የሚሄደው፣ ብድራት የሚጠበቅበት ዓይነት ስጦታ። ባዶ እጁን ሰው ቤት መሄድ ለማይወድ ሕዝብ ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ኮሃ ማርክን አያውቅም ነበር። ያን ያስጨመረው የኔልሰንቪል የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ወጪውን ሸፍኖ አሠራው። ኔልሰንቪል የሚገኘው በኦሃዮ፣ በአቴንስ ወረዳ ነው፤ ቀደም ብዬ የጠራሁት የአልደን ቤተ መጻሕፍት ባለበት በዚያው ወረዳ። እንዲህ ያለ መገጣጠም ለታሪክ ጸሐፊ ደስታ ነው፤ ከመገጣጠም ያለፈ ትርጕም ግን አልሰጠውም። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንድ የአሜሪካ ድርጅት «ኮሃ» የሚለውን ስም በኒውዚላንድ የንግድ ምልክቱ አድርጎ ለማስመዝገብ ሞክሮ ነበር። ስጦታን በባለቤትነት የማስመዝገብ ሙከራ! ተጠቃሚዎች ተቃወሙ፣ ገንዘብም አዋጡ፤ በመጨረሻ ማመልከቻው ውድቅ ሆነ።

ዛሬ በሀገራችን በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ኮሃን ይጠቀማሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ለፈቃድ የሚከፈል የውጭ ምንዛሬ አያስፈልገውም። ነገር ግን ይህን ስሰማ አይሲስ ትዝ ይለኛል። ያኔም «ነጻ ነው» ተብሎ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አይሲስ በነጻ ቢሰጥም ውስጡ አይከፈትም ነበር፤ ኮሃ ግን ውስጡ ክፍት ነው። ክፍት መሆኑ የሚጠቅመው ግን የሚከፍተው ሰው ሲኖር ነው። እስካሁን የታየው ዋና ጥረት በአብዛኛው የቁልፎቹንና የምናሌዎቹን ስም ወደ አማርኛ መተርጐም ላይ ያተኮረ ነው። «ፈልግ» የሚለው ቁልፍ በአማርኛ መጻፉ መልካም ነው፤ ሲጫኑት አማርኛ የማይፈልግ ከሆነ ግን ምን ዋጋ አለው?

እንግዲህ ሦስቱን ችግሮቻችንን በቅደም ተከተል ላንሣ። ዓመትን ላስቀድም፤ ጥቂት ሰው የሚያስተውለው እሱን ነውና። አንድ ተማሪ በደርግ ዘመን የታተሙ መጻሕፍትን ፈልጎ ከ1974 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ብሎ ፍለጋውን ገደበ እንበል። ካታሎግ ሠሪው በመጽሐፉ ላይ የታተመውን ዓመት እንዳለ በኮድ መስኩ ውስጥ ካስገባው፣ በ1970 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ ከ1974 በፊት ነው ተብሎ ይወድቃል፤ በእርግጥ ግን በደርግ ዘመን መካከል የታተመ ነው። በአንጻሩ በ1988 ዓ.ም.፣ ደርግ ከወደቀ ከዓመታት በኋላ የታተመው ሰተት ብሎ ይገባል። ተማሪው በዝርዝሩ ላይ ተመሥርቶ የመመረቂያ ጽሑፉን ይጽፋል፤ ስሕተቱን የሚያይለት የለም። ማርክ ለዚህ መፍትሔ አለው። በመጽሐፉ ላይ የታተመው ዓመት በአንድ መስክ እንዳለ ይጻፋል፤ በኮዱ መስክ ደግሞ ጎርጎርዮሳዊው ይገባል፤ 1904 ዓ.ም. ለሆነ መጽሐፍ በ1911 እና በ1912 መካከል መሆኑን የሚያሳይ ኮድ አለ። ይህ ሶፍትዌር አያስፈልገውም፤ የጋራ ውሳኔ ብቻ ይበቃዋል።

ስምን በተመለከተ፣ ባሕሩ ዘውዴ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት መዝገብ በትክክል በግል ስማቸው ተመዝግበዋል። በአሜሪካ የሚጽፈው ዲናው መንግሥቱ ግን «መንግሥቱ፣ ዲናው» ነው፤ በዚያው ሀገር ልማድ ስለሚጽፍ እሱም ትክክል ነው። አስቸጋሪው በእኛው ቤተ መጻሕፍት ሁለቱ ልማዶች መደበላለቃቸው ነው። በሥልጠና እጥረት አመልካቹ ላይ 1 እየተጻፈ፣ መጽሐፉን የደራሲው አባት የጻፉት የሚያስመስል መዝገብ በየቦታው አለ። ገብረ ክርስቶስን «ክርስቶስ፣ ገብረ» ብሎ የከፈለም አይቻለሁ።

ፊደልን በተመለከተ፣ ኮሃ የሚጠቀምበት የፍለጋ ሞተር በማውጫው ውስጥ ፊደላትን እንዲያመሳስል በጥቂት የቅንብር መስመሮች ሊታዘዝ ይችላል፤ ሐንና ኀን እንደ ሀ፣ ሠን እንደ ሰ፣ ዐን እንደ አ፣ ፀን እንደ ጸ እንዲቆጥር ማለት ነው። አንዳንድ የግዕዝ መምህራን ይህን እንደ ፊደል ማጥፋት ያዩታል፤ ሥጋታቸውም ይገባኛል። ሠረቀ «ወጣ» ነው፣ ሰረቀ «ወሰደ» ነው፤ ሁለቱን አንድ ማድረግ በደል ነው። ነገር ግን የሚመሳሰለው አንባቢው የማያየው ማውጫ ብቻ ነው። መዝገቡ ራሱ መጽሐፉ እንደታተመ፣ ከነሙሉ ፊደሉ ይታያል። ሁለት ንጹሕ ዓላማዎች ሳይጣሉ የሚታረቁበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ እዚህ ግን ተገኝቷል።

ወደ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ስንመለስ፣ ፊደሉ ሲመሳሰል 72 የነበረው ወደ 6 ይወርዳል፤ ተለያይቶና ተገጣጥሞ የተጻፈው፣ በሦስቱ የማዕረግ አማራጮች ሲባዛ። ከስድስቱ አንዱ የተረጋገጠ ስም ሆኖ በ100 መስክ ይቀመጣል። የቀሩት አምስቱ «ይህን ስም ተመልከት» በሚለው በ400 መስክ በአንድ የስም መዝገብ ውስጥ ይገባሉ። ይህ ለአንድ ካታሎግ ሠሪ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ያንን መዝገብ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቢሠራው ሌሎቹ ሁሉ ሊቀዱት ይችላሉ። ለጥያቄዎቻችሁ መድረኩን እለቅቃለሁ።